ያልታረሙት እጆች

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ብሩሽ» የሚላቸው ታላቅ እህታችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ዳዴ ሲሉ ከሰል ካገኙ የሚያስጥላቸው አልነበረም። እናታችን፣ ትምህርት ቤት ያስገባኋት የምትሥልበት የቤታችን ግድግዳ ስላለቀብኝ ነው ትል ነበር።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ገብተው፣ ቀለም ከመበጥበጥ ጀምረው ሙያውን ተማሩ፤ በኋላም ራሳቸው ሌሎችን አስተማሩ። በ1973 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ብቸኛ ልጃቸውን ወለዱ። አሁን በስተቀኛችሁ የምታዩትን፣ ከመስቀሉ ሥር ቆማ ለልጇ የምታለቅሰውን የእመቤታችንን ሥዕል የሣሉት ያን ጊዜ፣ ልጁን አዝለው ነበር። ሁለቱን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፈው ሣሉ። መምህራቸው እንደዚያ ነበር ያስተማሯቸው።

በ1997 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለ ከምሰሶ ወድቆ ሞተ። ቤታቸው የመጣው ሁሉ፣ ይህን ሥዕል የሣለ ሰው መጽናናት አያቅተውም ይላቸው ነበር። እኛም ብለናል፤ ምን እንበል? የእሳቸው እጅ ግን አላርፍ አለ። የልጁን ሸሚዝ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

ከሐዘን እንደተነሡ ቀለማቸውን ይዘው እዚህ መጡ። እጆቹን ተሳስቻለሁ፣ ልጅ የሞተባት እናት እጅ እንዲህ አይቀመጥም፣ ላርመው አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ አዝነው፣ ተባርኮ የተሰቀለን ሥዕል ብሩሽ እንደማይነካው ነገሯቸው። ይህን እህታችንም ያውቁታል፤ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ቀለሙን ይዘው ተመለሱ።

አስተዳዳሪ በተለወጠ ቁጥር እየሄድን ለመንን። መልሱ ያው ነው። ሌላ ሥዕል ይሥሩ ስንላቸው ይጀምሩና እጆቹ ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ። የማያርፍ እጅ እንዴት ይሣላል ብለው እኛኑ ይጠይቁናል። እኛ ምን እናውቃለን! እምነታቸው የላላ እንዳይመስላችሁ፤ አንድም እሑድ ከዚህ ቀርተው አያውቁም። ከሥዕሉ ሥር ቆመው፣ እመቤቴ፣ ሳላውቅ ነው እጅሽን ያሰርኩት፣ ይቅር በይኝ ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። እስከ መጨረሻው የአልጋውን አንሶላ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ነበር። ባለቤታቸው፣ እኛ ሁለት ታናናሽ እህቶቻቸው፣ እሳቸው ያስተማሯቸው ሠዓሊዎችም ከሐዘን ጋር ቀርተናል።

ስንገንዛቸው እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፍናቸው። ልክ እንደ ሥዕሉ። ሌላ አቀማመጥ አላወቅንም፤ እትዬ፣ ይቅር ይበሉን።

እመቤታችን እህታችን ያጣጠፉባትን እጆች ፈትታ ነፍሳቸውን ትቀበልልን። አሜን።