የአባትሽ አውራ ጣት

ኅዳር ፬ ቀን
ከቤታችን፣ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ

የሆዴ ፍሬ፣ ፍንጣቂዬ፣

ደብዳቤ ሲደርስሽ መጀመሪያ ልብሽ ድንግጥ እንደሚል ስለማውቅ ቶሎ ልበልሽ፦ ሁላችንም አለን። የእኔ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፣ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ይበላል፣ ይተኛል፣ እኔን መቆጣቱንም አልተወም። አንቺስ? ያ ብርድ ለቀቅ አደረገሽ? በስልክ ሳልሽን ስሰማ፣ ከባሕር ማዶ አንገትሽን መጠቅለል የምችል ይመስል እጄ ሻርፕ ይፈልጋል።

የላክሽው ኖዝል ደርሷል። ሣጥኑን እሱ ጭኑ ላይ ይዞት እኔ ፈታሁት። ያቺ ጣት የማታክል ብረት ናፍጣውን እንደ ጭጋግ እየረጨች ያንን ሁሉ የጭነት መኪና ታስኬደዋለች ሲባል፣ ከኖዝል ጠጋኝ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንኳን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «አባባ፣ ራሴ የነደፍኩት ነው፤ በመፈተሻህ ሞክረውና የመሰለህን ንገረኝ» ያልሽውን ደጋግሞ አስነበበኝ።

በወሩ መጨረሻ አለቆችሽ ፊት እንደምታቀርቢው፣ እነሱም ይሠራ ወይ ይቅር ብለው እንደሚቆርጡ ነግረሽኛል። «አባባ አንድ ቃል ካላለኝ እዚያ ቆሜ አፌ አይፈታም» ያልሽውንም አድርሼለታለሁ። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ስልክ አልቀበልም ሲል ምን እንዳሰብሽ ይገባኛል። ስትሄጂ በር ላይ «ወረቀት ላይ ናፍጣ አይነድም» ብሎሽ ነበርና፣ ያንን ቂም እስካሁን ቋጥሮ ይዞታል ብለሽ ይሆናል። አይደለም፣ ልጄ። ለምን እንደማያነሣው እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፣ ስለዚህ አልነግርሽም።

ሱቁ እንዳለ ነው። ከክረምቱ ወዲህ በሩን የምንከፍተው ለነፋስና ለጨዋታ ያህል ነው፤ ደንበኞቹም መጥተው ተጫውተው ይሄዳሉ። ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳም ቦታው ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቦርሳሽን እሱ ላይ ትሰቅዪ ነበር፤ ደብተርሽ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ሸትቶ አስተማሪሽ ስንት ጊዜ አስጠርታኛለች። አባትሽ ኖዝሏን መፈተሻው ላይ አስሮ ዘንጉን ሲጎትት ጭርር ትል ነበር። እሱም «ዘፈነች» ብሎ ነጭ ወረቀት ከሥሯ ይዘረጋል። እያንዳንዷ ቀዳዳ እርጥብ ምልክቷን ትጥላለች፣ ምልክቶቹም ዙሪያውን ተሰድረው አበባ ይሆናሉ። አንቺ ደግሞ እርሳስሽን ይዘሽ ግንድና ቅጠል ትቀጥዪበታለሽ።

አበባው ካማረው አውራ ጣቱን ግራሶ አስነክቶ ጥግ ላይ ያትማል። ካላማረው አያትምም፣ ባለመኪናው ቢለምን ቢያለቅስ አይሰማውም። ወንድሜ ለዚያች ጣት ብሎ ሦስት ቀን አኩርፎ እንዳልመጣ ታስታውሻለሽ? «ለአማቼ ብዬ ሞተር አላታልልም» አለና አረፈው።

ያቺንም ቀን አልረሳሁም። ከኖዝሏ የሚወጣው ጭጋግ አምሮሽ ልትጨብጪው እጅሽን ስትሰጂ፣ የራሱን እጅ መሐል አስገባ። ከመርፌ የቀጠነው ናፍጣ ቀኝ አውራ ጣቱን በስቶት ገባ። ሐኪሙ ጣቱን ቀዶ አወጣለት፤ ሲድን ጠባሳው መሐል ለመሐል ቀረ። ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ነጭ መስመር አለበት። «ያቺ መስመር የእኔ ናት» እያልሽ በየደንበኛው ፊት ስትኩራሪ፣ እሱ ዘወር ብሎ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ኖዝልሽ ልመለስ። እንደ ወትሮው ቀጥ አድርገን መፈተሻው ላይ አሰርናት። ዘንጉን የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከወንበሩ ሆኖ ማየት ፈለገ። ወረቀቱን ሳነሣው ምልክቶቹ ባንድ ወገን አጥረው ተጨናንቀዋል፣ በሌላው ወገን ተጎትተው ረዝመዋል። አበባ ሳይሆን ንፋስ የመታው ቁጥቋጦ ሆነ። አባትሽ አየው፣ አየውና ፊቱ ጠቆረ። «አጣምማዋለች» አለኝ።

ምሳውን አልነካም። ዕድሜውን ሙሉ የጠገናቸው የትልልቅ መኪኖች ኖዝሎች ከሲሊንደሩ አናት ቀጥ ብለው የሚቆሙ ነበሩ፤ የእነሱ አበባ እንዲህ ከጠመመ ኖዝሏ አልቆላታል ማለት ነው። የሰው ቢሆን ኖሮ አገላብጦ ያስብ ነበር። የልጁ ሆነና ድንጋጤው ቀደመው። ልጄ እንዲህ ያለውን ይዛ ሰው ፊት ከምትዋረድ ብሎ «አታቅርቢው ብለሽ ጻፊላት» አለኝ። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ትራስ እወትፍለት ነበር። ሰሞኑን ወደ ቀኝ ዘመም ማለት ስላበዛ በጎኑ አንድ ትራስ አደርግለታለሁ። ያን ቀን ቀና ሳደርገው ቀስ እያለ «እኔ ምን አለብኝ፣ ወንበሩ ነው የጠመመ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ቀልዱ ነውና ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ኖዝልሽ ትዝ አለችኝ።

«ያቺስ ኖዝል፣ ሞተሩ ላይ የምትቀመጠው እንዴት ነው?» አልኩት።

አፍጥጦ አየኝ። ከሣጥኑ ሥር ታጥፎ የቀረ ሥዕል ነበር፤ ጽሑፉ የማናውቀው ቋንቋ ነው ብለን ሳንዘረጋው ትተነው ነበር። ዘረጋሁለት። በሥዕሉ ላይ ኖዝልሽ ቀጥ ብላ አልቆመችም፣ ከጎን ገብታ ዘንበል ብላለች። ለሌላው ዕቃ ቦታ ለመልቀቅ ነው መሰለኝ፤ ይህንን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ከመፈተሻው እግር ሥር የእንጨት ሽብልቅ አገባሁ። እሱ ባንድ ዐይኑ እያነጣጠረ «ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ በቃ ተይው» አለኝ። ዘንጉን ጎተትኩት።

ጭርር አለች። ወረቀቱ ላይ አበባው ዙሪያውን እኩል ተከፍቶ ወጣ። እኔ ግንድና ቅጠል ልሥልበት ምንም አልቀረኝም። አባትሽ አለቀሰ። የናፍጣው ብናኝ ነው ብሎኛል፤ እኔም እሺ አልኩት። ጉንጩን ስጠርግለት እያረፈ እያረፈ እንዲህ አለኝ፦

«በያት፣ አጣምማ አይደለም የሠራችው። ሞተሩን አይታ ነው የሠራችው። በር ላይ ያልኳትን ትርሳልኝ።»

ቃል በቃል ጻፍኩልሽ፤ አለቆችሽ ፊት ስትቆሚ በሆድሽ ያዢው። አፍሽ ይፈታልሽ፣ ነገርሽ ይስመርልሽ፣ የሚሰሙሽም ጆሮ ይኑራቸው። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፣ የእኔ ብርቱ። ሹራብሽን ደርበሽ ግቢ፣ ብርድ ያስተኛሻል።

ወረቀቱ ከደብዳቤው ጋር አለ። ጥጉ ላይ አትሞልሻል። ጣትህን ልያዝልህ ብለው ተቆጥቶኝ፣ ብዙ ታግሎ ራሱ አተመው። ደህና አድርገሽ እዪው። መስመርሽን ብትፈልጊያት አታገኚያትም፤ ግራሶ በዝቶ አይደለም፣ ጣቱም የእሱው ነው፤ የየትኛው እጁ እንደሆነ ግን ራስሽ ድረሺበት። እኔ መሐላዬን ጠብቄአለሁ።

ስብሰባሽን እንደጨረስሽ ነዪ።

የምትወድሽ እናትሽ