አባባ የሚሞቁት ፀሐይ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ልክነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የሆስፒታሉ ሥራ አላደከመሽም? አለምሰገድና ሕፃን ልጃችሁስ ደህና ናቸው? አዲስ አበባ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል ሲባል ሰምቼ እናንተን አሰብኩ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙዙ ደርሷል፤ ባለቤቴ ጌጤም እንደምታውቂያት ሥራ አይበግራትም፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ይህን ወረቀት ሙዝ ጭኖ በሚመጣው በሾፌሩ በዘመድኩን እጅ የላክሁልሽ፣ በስልክ ሁለት ጊዜ ጀምሬልሽ ስለሳቅሽብኝ ነው። "አንተ ድሮም ፈሪ ነህ፤ ፀሐያቸውን ይሙቁበት፣ ተዋቸው" አልሽኝ። እሺ፣ ፈሪ ልሁን። ግን እስከ መጨረሻው ሳትስቂ አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። አባባን ከጨንቻ ብርድና ጉም አውጥታችሁ እናንተ ዘንድ ጫኖ አውርዷቸው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ ያልሽው ሠርቷል። ያን ጊዜ ከመኪና ያወረድናቸው ለሁለት ደግፈን ነበር። አሁን ጉልበታቸው ተፍታቷል፣ ሳሉ ጠፍቷል፣ እንቅልፋቸውም ምግባቸውም ጥሩ ነው። ፊታቸው ወዝ አውጥቷል። ጌጤ እንዲያውም "አባባን ልንድራቸው ነው" እያለች ትቀልዳለች። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም።

ችግሩ የሚሞቁበት ቦታ ነው። ግቢያችንን ታውቂዋለሽ፤ ሙዝና ማንጎ ውጦት እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ አይገባውም። እሳቸው ደግሞ የጠዋቷን ካላገኘሁ ይላሉ። ስለዚህ አባያ ዳር ድረስ በእግራቸው ይወርዱና፣ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትወጣ መጀመሪያ የምታርፍበት አሸዋ ላይ ይቀመጣሉ። ያ አሸዋ የአዞ መሞቂያ ነው፣ ልክነሽ። አዞም እንደ ሽማግሌ ጠዋት ፀሐይ ካልሞቀ ሰውነቱ አይታዘዝለትም።

ደገኛ ናቸውና እዚያ የሚተኛው አንድ አዞ መጀመሪያ ግንድ መስሏቸው ነበር። አሁን ግን አዞ መሆኑን ያውቃሉ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ስንለምናቸው ምን ቢሉን ጥሩ ነው? "አርባ ቀን አንድ ሜዳ ላይ አብረን ተቀምጠናል፤ አንድም ቀን ክፉ አላሰበብኝም።" ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። በዚያ የሽማግሌዎች ሜዳ አብሮ የተቀመጠ ሰው ተመልሶ እንደማይጎዳዳ ያምናሉ። ይሄንንም አሸዋ እንደ ዱቡሻ ቆጠሩት። ጠዋት ሲደርሱ ለአዞው ሰላምታ ይሰጡታል።

ዓሣ አጥማጁን ክብሩን ወስጄ አሳየሁት። ክብሩ ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። ደህናው አዞ ሰው ሲያይ ደንግጦ ውሃ ይገባል፣ ይሄ አይገባም አለኝ። አባትህን እየለመዳቸው አይደለም፣ እየጠበቃቸው ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እከተላቸዋለሁ። ሁለቱም ከሄዱ በኋላ አሸዋው ላይ አዞው የተኛበትንና አባባ የተቀመጡበትን አይቼ መካከሉን በእርምጃ እለካለሁ። መጀመሪያ ስለካ ሃምሳ እርምጃ ነበር። ባለፈው ሰኞ ሃያ ሁለት ሆነ። ዛሬ አሥራ አራት ነው። አባባ ቦታቸውን አልቀየሩም።

ድንጋይ ብወረውርበት ንቅንቅ አላለም። አባባ ግን ተቆጥተው ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሩን ብቆልፍባቸው ልጄ አሰረኝ ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከሰሱኝ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንዲገባላቸው ብዬ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ሁለት ማንጎዎች ከነፍሬያቸው ቆረጥኳቸው። ወጥተው አዩና "ይሄ የጓሮ ፀሐይ ነው" ብለው ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።

ከአንቺ በቀር የማንንም ቃል አይሰሙም። በተናገርን ቁጥር "ልክነሽ ናት ያዘዘችልኝ" ነው መልሳቸው። እንግዲህ ያዘዝሽውን አንቺው አንሺልኝ። ሐኪም ከልክሏል በያቸው፤ ዋሺያቸው፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ። ወረቀቱ በደረሰሽ ሰዓት ደውይላቸው፤ ለነገ አታሳድሪው፣ እባክሽን። እኔ ፈርቻለሁ፣ እህቴ።

ለአለምሰገድ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ጎረቤትሽን አርሴማን ጌጤ ሰላም ብላታለች፤ የላከችልኝ ቅመም ደርሶኛል ብላለች። ትንሿን ሰብለን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። የእግሯ አጥንት እንዲጠነክር ፀሐይ ያስፈልጋታል መባሉን አባባ ከአንቺ ሰምተው፣ ለገና ይዛት ትምጣ ብለዋል። ዛሬ ጠዋት በእጃቸው አሸዋውን ሲደለድሉ አገኘኋቸው። ምንድን ነው ብላቸው የሰብለ መቀመጫ ነው አሉኝ። የደለደሉላት በእሳቸውና በአዞው መካከል ነው።

ወንድምሽ አጵሎስ
ጫኖ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.