የስለቷ ፍየል ልጆች

ለልጄ ለወንዳወቅ፤

የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ማርያም ትመስገን፣ ሰቆጣ ዘንድሮ ዝናቡ ሰምሮልን ደህና ነን።

የመኖሪያ ፈቃድህ ሲወጣልህ ለማርያም ላስገባት የተሳልኳት የፍየል ግልገል አድጋ ወለደች፤ ልጆቿም በተራቸው ወለዱ። የስለት ልጅ ስለት ነውና አንዷንም አልሸጥኩም። ፈቃዱ በዘገየ ቁጥር መንጋው ይረባል። ቄስ ማንደፍሮ «ትንሽ ከቆየ ማርያም በረት ልታሠራ ነው» ብለው በሳቅ ገደሉን።

አሁን አሁን ሁሉንም በመልካቸው ሳይሆን በድምፃቸው እየለየሁ በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ሰርክአዲስ እዚህ ላይ መጻፏን አቆመች፤ «ጻፊ» አልኳት።

ወላዲተ አምላክ መንገድህን ታቅናልህ። ስትመጣ ታዲያ ደጃፉ ላይ ዝም ብለህ እንዳትቆም፤ ከሩቅ ጀምረህ «እምዬ» እያልክ ተጣራ።

እናትህ ጥሩሐረግ