አንደኛው የጃርቶች ፊልም

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

እንዴት ነሽልኝ? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎንበስ ብለሽ ቀና ስትዪ ቀጥ ያደርግሻል? ባልሽ ደህና ነው? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? አማትሽስ ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀመሩ? የትልቋን ልጅሽን የጢኖን ነገር ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ይሄን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት በእሷ ምክንያት ነውና እመለስበታለሁ። ስለ እኔ የጠየቅሽ እንደሆነ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይቆጣኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይታረቀኛል። እበላለሁ። በሩን በደንብ ዘግቼ አድራለሁ። የቀረው ናፍቆት ነው፤ እሱን ደግሞ መድኃኒት ቤት ሄጄ አልጠይቅበት።

ጽሕፈቱ ተንጋዶ ብታዪው እንዳትስቂ። እስከ ዛሬ ይደርስሽ የነበረውን ደብዳቤ የምትጽፈው እናትሽ ነበረች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ «እንዲህ በያት፣ እንዲያ በያት» እያልኩ አዛለሁ፤ እሷ ደስ ያላትን ትጽፋለች፤ መጨረሻ ላይ እኔ እፈርማለሁ። አሁን አዛዡም ጸሐፊውም እኔው ነኝ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ስልክ ላይ ቶሎ እንደሚሞቀኝ እሱ የት ያውቃል! ወረቀት ላይ ግን አንዱን ቃል ጨርሼ ወደ ሌላው እስክሻገር ድረስ ንዴቴ ይበርዳል።

ወንበር ማደሱን አልተውኩም። «በቃህ፣ እረፍ» እንዳትዪኝ፤ ያረፍኩ ቀን ነው የማረጀው። ባለፈው የጥርስ ሐኪሟን ረጅም ሶፋ ሞላውን ቀይሬ፣ ስፖንጁን ሞልቼ፣ እንደ አዲስ አድርጌ ሰጠኋት። ተቀምጣበት ስትነሳ «እንደዚህ ከተመቻቸውማ በሽተኞቼ ወደ ውስጥ አይገቡም» አለችኝ። ከእሱ ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩን የሚሽከረከር ወንበር ቆዳ አለበስኩለት። የዚህን ወንበር ነገር ያዢልኝ፣ ወደ ጢኖ የሚያደርሰን እሱ ነው።

ጢኖ ያኩረፈችኝ ቀን የሆነውን አንቺ በግማሽ ነው የሰማሽው። ስልኩን ተቀብላ ገና ሰላም ሳትለኝ «አባባ፣ ሁለተኛውን የጃርቶች ፊልም አየኸው? ከአንደኛው አይሻልም?» አለችኝ። ሁለቱን ፊልም ጭነሽ የላክሽው ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ አቧራ እየጠጣ ነበር። «አላየሁትም፣ ግን አንደኛው ይሻላል» አልኳት። «ሳታየው እንዴት አወቅህ?» አለች። ይሄ ጥያቄ ከማን እንደ ወረደ አንቺም እኔም እናውቃለን። እኔም አንደኛው ፊልም ምን ያህል ቁምነገር እንዳለው ላስረዳት ብዬ፣ አባት ጃርት መንገድ ጠፍቶት መስቀለኛው ላይ ድርቅ ብሎ ሲቆም ሚስቱ «ምነው፣ አፍህ ውስጥ ሚስማር ይዘህ ነው የማትመልስልኝ?» የምትለውን አነሳሁላት። «እንዲህ አትልም» አለችኝ። «ትላለች» አልኳት። «አባባ፣ በቃሌ ነው የማውቀው፣ አትልም!» አለች። «እንግዲያው አላየሽውም! ያላየሽውን አየሁ አትበይ» ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ የመጣው ያንቺ ድምፅ ነው፤ «አባዬ፣ ምን ብለሃት ነው የምታለቅሰው?»

ከዚያን ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ «ጢኖስ?» ስልሽ «እየታጠበች ነው»፣ «ተኝታለች»፣ «ጓደኛዋ ቤት ናት» ትዪኛለሽ። በጠራራ ፀሐይ የምትተኛ ልጅ ማን አየ? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቱ እንዴት ጭር እንደሚል ልነግርሽ አልችልም። አኩርፋኝ አድጋ ብትቀርስ? በዚህ ዕድሜዋ አንድ ዓመት ማለት ሌላ ልጅ መሆን ነው፤ ድምፅዋ ተለውጦ፣ አባባ ማለቱም ቀርቶባት ባገኛትስ?

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለጢኖ ብታነቢላትም ግድ የለኝም። እኔ ማንበብ እችላለሁ፣ አይችልም የሚልሽ ካለ ላኪልኝ። የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ቆሞ የሚጠብቀኝን ጽሑፍ ሁሉ አነባለሁ። ከፊልም ሥር በእኛ ቋንቋ የሚወጣው ጽሑፍ ግን አይጠብቅም። ሁለተኛውን ቃል ስይዝ እሱ ሄዶ ሌላ መጥቷል። እናትሽ ይህን ታውቅ ነበር፣ ግን አንድም ቀን ከአፏ አልወጣም። «ዓይኔ እንዳይሰንፍ ጮክ ብዬ ላንብብ፤ አንተ ዝም ብለህ ስማ» ትለኝ ነበር። እኔም እንደ ውለታ ቆጥሬላት እሰማታለሁ!

የመጀመሪያውን ፊልም ያየነው እንዲህ ነው። ጎርፍ ጉድጓዳቸውን ይወስድባቸውና አባትና እናት ጃርት ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ ቤት ፍለጋ ይወጣሉ። አባትየው መንገድ ጠፍቶት እንኳ ሰው አይጠይቅም፣ ስለዚህ ሲዞሩ ይከርማሉ። እናትሽ ለአባትየው ወፍራም ድምፅ፣ ለልጆቹ ቀጭን ድምፅ እያወጣች ታነባለች። ጃርቱ መነጽሩን ሲፈልግ ሚስቱ «ግንባርህን ጠይቀው» ትለዋለች። ሲያነጥስ «ቀስ፣ ጣሪያው አርጅቷል» ትለዋለች። እኔ እንደሆንኩ እየሳቅሁ «እነዚህ ፊልም ሠሪዎች ቤታችንን በየት በኩል አጮልቀው አዩት?» እላለሁ። እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እንግዲህ ለዚህ ነው ድርቅ ያልኩት። በጆሮዬ የሰማሁትን ነገር ማንም አያስክደኝም ብዬ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ሲረከብ «ምን ልክፈልዎት?» አለኝ። «ክፍያው ሁለቱን ፊልም ማንበብ ነው» አልኩት። ገበያ በሚቀዘቅዝበት ከሰዓት ፍላሹን የሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካነው። አዲሱ ወንበር ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን በአረፋ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ድምፁን ሳያነሳ ሳይጥል ያነባል። መጀመሪያ ሁለተኛውን አየን። በዚህኛው ጃርቶቹ ከተማ ገብተዋል። ሩጫ በሩጫ ነው፣ ዘፈኑም በዛ፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ሀብታም አጎትም አለ። ልነቅፈው ተዘጋጅቼ ሳለ ትንሹ ጃርት ከሚያባርሩት ሸሽቶ ጫማ ጠራጊ ዘንድ ብሩሾች መካከል ድርቅ ብሎ ተኛ። ጫማ ጠራጊው ሳያይ አንስቶት ጫማ ሲወለውልበት ሹፌሩ ከሳቁ ብዛት አረፋውን መስተዋቱ ላይ ረጨው። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽሽ።

ሆኖም ቀጥሎ አንደኛው ይከፈት ብዬ አዘዝኩ፤ በምስክር ፊት ጢኖን ልረታት ነው። መስቀለኛው መንገድ ደረሰ። አባትየው ቆመ፣ እናትየዋ ዞር ብላ ተናገረች። ፀጉር አስተካካዩ «በግራ ነው ወይስ በቀኝ?» ብሎ አነበበ። «መልሰው» አልኩት። መለሰው። አሁንም «በግራ ነው ወይስ በቀኝ?» አለ። «በደንብ አንብብ እንጂ!» ስለው «ጋሼ፣ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ከራሴ ልጨምርልዎት?» አለኝ። የሚስማሩን ነገር ነገርኳቸው። ስነግራቸው ሁለቱም አፌን ያያሉ። ለካ በፊልሞቹ መሐል ለወንበሩ ጥግ የቀሩኝን አንድ ሁለት ሚስማር ልመታ ብዬ እንደ ልማዴ ከንፈሬ ላይ ይዣቸው ነበር። ሹፌሩ «አባት፣ ይሄማ የጃርት ሚስማር አይደለም፣ የእርስዎ ነው» አለኝ።

ሚስማሮቹን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቀልዶች እየጠበቅሁ ነበር። መነጽሩ ላይ ስንደርስ ሌላ ነገር ነው የተጻፈው። ማነጠሱ ላይ ጭራሽ የተጻፈ ነገር የለም። እናትሽ ከተጻፈው እዚህም እዚያም ቃል ወስዳ፣ የቀረውን ከእኛ ቤት እያመጣች ነው ስታነብልኝ የከረመችው። ላንቺ በምትጽፈው ደብዳቤ ስታደርገኝ የኖረችውን በፊልምም አደረገችኝ!

መጨረሻው ላይ ጃርቶቹ አሮጌ ወፍጮ ቤት ሥር ጉድጓድ አግኝተው ልጆቹ ይገባሉ። ባልና ሚስቱ ደጃፉ ላይ ይቀራሉ። ዝናቡ ያቆማል። ፀጉር አስተካካዩ «ዝናቡ አባራ። እንግባ» ብሎ አነበበና ፊልሙን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። «ሌላ የለም?» አልኩት። «የለም ጋሼ፣ አለቀ» አለኝ።

እናትሽ እዚያ ቦታ ላይ ያነበበችልኝ ሌላ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቀድሜህ የሄድኩ እንደሆነ ልጆቹ እስኪደውሉ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ከትንሿ ጋር እንኳን ብትጣላ ቀድመህ ተናገር። እሾህህን ሁልጊዜ አታቁመው፤ ሰው ሊያቅፍህ ፈልጎ በየት በኩል እንደሚይዝህ ይቸግረዋል» ነበር ያለችኝ። እኔ ጃርቷ ለጃርቱ የተናገረችው መስሎኝ «አቤት የዚች ጃርት ምላስ!» ብዬ ሳቅሁ። እናትሽም ሳቀች። የጃርቷ አፍ ከተዘጋ በኋላ እንኳ፣ ሙዚቃው ገብቶ የሠሪዎቹ ስም ሽቅብ መሄድ ሲጀምር፣ እሷ ገና እያነበበች ነበር። ልብ አላልኩትም። ያን ጊዜ ሕመሟን ለማንም ሳትነግር ለብቻዋ ይዛው እንደነበር በኋላ አይደል ያወቅነው? ፊት ለፊት ብትነግረኝ ኖሮ «ምን ክፉ ታወሪያለሽ!» ብዬ ተነስቼ እወጣ ነበር። ታውቀኛለች። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ አቀበለኝና ወደ ሹፌሩ ጢም ተመለሰ።

ከዚህ በታች ያለውን ለጢኖ አንብቢላት። የተጻፈውን ብቻ።

ጢኖዬ፣ ልክ ነሽ። ፊልሙ ውስጥ ሚስማር የሚባል ነገር የለም። ፊልሙን አይተሻል፣ እንዲያውም ከእኔ በላይ አይተሻል። አላየሽም ማለቴ ጥፋት ነው፤ የእኔ ቆንጆ፣ ይቅር በይኝ። ለጥያቄሽም መልስ ይኸው፤ እንደ ተጻፈው ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። በአንደኛው እናትየዋ ስትከተል ትውላለች እንጂ ብዙ አትናገርም። በሁለተኛው ግን ትናገራለች፣ ትቆጣለች፣ ትቀልዳለች፣ መንገዱንም የምታገኘው እሷ ናት። ዘፈኑ በዝቷል፣ አጎትየውም ባይኖር ማንም አይፈልገው ነበር፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ነገር ግን እኔ ያየሁት አንደኛው ፊልም አንቺ ያየሽው አይደለም። ያንን ያነበበችልኝ አያትሽ ናት፤ ከእሱ የሚሻል ፊልም ደግሞ የትም አይሠራም። አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሁለተኛውን በስልክ አንብቢልኝ። እኔ እዚህ እከፍተዋለሁ፣ አንቺ እዚያ ክፈቺው። የተጻፈውን ፀጉር አስተካካዩ ጨርሶልኛል፤ አንቺ ያልተጻፈውን አንብቢልኝ። ስለ እኔ የሚባል ነገር ካለም በጃርቷ አፍ በይኝ፣ አልቆጣም። ብቆጣም ስልኩን አልዘጋም።

ልጄ፣ ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪው፤ መኪናውን ሲነዳ እንዳይቸኩል። አማትሽን እጅ ንሺልኝ፤ የወንበራቸው እግር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ካርቶን አጥፋችሁ ከሥሩ አስገቡበት፣ ስመጣ አየዋለሁ። አዎ፣ ስመጣ ብያለሁ፤ አንዴ ጽፌዋለሁና እንዳታስፍቂኝ። ሕፃኑን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ካልነከሰሽ። አንቺን ምን ብዬ እንደምሰናበትሽ እናትሽ ነበረች የምታውቀው።

ይህን የምታደርስልሽ ነርሷ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በእጅሽ ከገባ በኋላ በሚመጣው እሑድ እናንተ እንዳትደውሉ። የምደውለው እኔ ነኝ። ጢኖ እየታጠበች ነው ካልሽኝ እስክትደርቅ እጠብቃለሁ።

አባትሽ

ከቤት፣ እናትሽ ትጽፍበት ከነበረው ጠረጴዛ
ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን