የሚወርድ ክንድ

ግንቦት 9 ቀን 1976

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። የልብስ ሰፊው የወልደሩፋኤል ታፔላ ሳይደርቅ ዋለ። ኮት የለበሰ ሰውዬ ሣልኩለት። ቆሞ አየውና፣ «ፊቱን እኔን ብታስመስለው ምን ነበረበት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ራሱን ታፔላ ላይ ማየት ይወዳል። እኔ ደግሞ ሰው የሚመስል ፊት አልሥልም። አንዴ ሥዬ አይቼዋለሁ... በሰባ ዓመተ ምሕረት ለቀበሌው የሣልኩት ባላባት አንዱን ሹም መሰለ ተባለና አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። ማን እንደጠቆመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነቀምቴ ትንሽ ከተማ ናት። ሰውዬው በየቀኑ ሰላም ይለኝ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ከበዓል ኮሚቴው ጥሪ መጣ። ነገ ሦስት ሰዓት ቅረብ ይላል። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም።

ግንቦት 10

ለካ ለሥራ ነው። መስከረም ሁለት አብዮቱ አሥር ዓመት ይሞላዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ደረሳ፣ አዳራሹ ውስጥ ከፊልም በፊት የሚታይ «የሚንቀሳቀስ ሥዕል» ይፈልጋል። ግራ ክንዱን የሚያነሳ ወዛደር። ከእሱ ለጥቆ የነጋዴዎች ማስታወቂያ ቢገባም አይከለከልም። በምን መሣሪያ እንደምሠራው መምረጥ የእኔ ፈንታ ነው አሉ። አጨበጨቡልኝ።

ለምን እኔን? ከተማው ውስጥ ሌላ ሠዓሊ ጠፋ? ለየሻሽወርቅ ስነግራት፣ «አንተ ደግሞ ሲሳይ በሩን ቢያንኳኳ እንኳ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» አለችኝ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኳት። ሚስቴ ታሰራ አታውቅም።

ግንቦት 19

ተክለጻድቅ መጣ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ። በሻሽ የተጠቀለለ ትንሽ የፊልም ካሜራ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት አንድ ሥዕል ብቻ ያነሳል። ሥዕሉን ትንሽ ትንሽ እየለወጡ ማንሳት ነው፤ ከዚያ ሰውዬው ሸራ ላይ ይራመዳል። አማረኝ፣ አልዋሽም።

ግን ሆዱ ላይ ተፍቆ የጠፋ ስም አለ። «የማን ነበር?» ብለው፣ «አንተ ሥራበት እንጂ የዘር ሐረጉን ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ፊልሙ ደግሞ የሚታጠበው አዲስ አበባ ሄዶ ነው። እዚያ ማን ያየዋል? ዋጋውንም ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ። ሳይጠይቁት የሚቀንስ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ጠቅልዬ መለስኩለት። ቅር አለው።

ግንቦት 26

የአዳራሹ ፊልም አጫዋች ኢዶሳ ነው። ወዳጄ ነው... እንበል። ስለ ካሜራው ስነግረው ሳቀ። የተበጣጠሰ አሮጌ ፊልም አመጣና በረኪና ውስጥ ነከርነው። በጨርቅ ስንፍቀው የነበረበት ሥዕል ሁሉ ለቀቀ፣ እንደ መስታወት ጠራ። አሁን በየክፍሉ በቀጭን ብዕር መሣል ነው። ለአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል!

«ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ «የመስታወት ስላይድ ብትሥል ቆሞ ይቀራል። ካሜራው አዲስ አበባ ድረስ ያንከራትትሃል። ይሄ ግን እዚሁ ይሠራል፣ እዚሁ ይታያል።»

ጫፍና ጫፉን ከቀጠሉት ደግሞ እየዞረ አያልቅም። ይሄኛውን መረጥኩ። ከእጄ የማይወጣ፣ እንግዳ ዓይን የማያየው ሥራ። ቢሆንም... ለምን በነጻ ሰጠኝ?

ሰኔ 8

ለሙከራ የወልደሩፋኤልን ማስታወቂያ ሠራን። ሰውዬው ኮት ይለብሳል፣ መልሶ ያወልቃል፣ ይለብሳል። ወልደሩፋኤል አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አየና ተቆጣ። «ኧረ ለምን ያወልቃል? ልብሴ ጠበበው እንዴ?»

ኢዶሳ አስረዳው። የፊልሙ መጨረሻ ከመጀመሪያው ካልገጠመ ሰውዬው እንደ ፌንጣ ይዘላል። ማስረዳት ምን ያደርጋል፣ ደንበኛ ነው። ቀየርኩት። ሰውዬው ለብሶ ይወጣል፣ ኮት የሌለው ሌላ ሰው ይገባል። «አሁን ገና ሱቅ መሰለ» አለ። እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ሰኔ 21

ከጠራው ፊልም ክንድ የሚያህል ጎድሏል። ሁለቴ ለካሁት።

ኢዶሳ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ስጠጋው ይዘጋዋል። ዛሬ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ፣ «ሴት ረጅም ቀሚስ ለብሳ ስትራመድ እግሯ እንዴት ነው የሚነሳው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራችን ውስጥ ሴት የለችም። ለምን ጠየቀ?

ሐምሌ 7

ቅዳሜ ቅዳሜ ዲጋ ይሄዳል። ዛሬም ኢዶሳ ወደዚያች ጎረቤት ከተማ ሄደ። «ዲጋ ምን አለ?» ስለው «ዘመድ» አለኝ። ዓይኔን አላየም። ትናንት ከኮሚቴው ጸሐፊ ጋር ቆሞ ሲያወራ አይቼዋለሁ።

ይህን ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ አደርገዋለሁ።

ሐምሌ 24

ወዛደሩን ጨረስኩ። ማንንም እንዳይመስል ፊቱን አራት ጊዜ ለዋወጥኩት። በመጨረሻ ኮፍያውን ወደ ታች ሳብኩበት። ክንዱ ሲነሳ ሠላሳ ሥዕል ፈጀ። እዚያ ላይ ልተወው ነበር። ኢዶሳ ግን፣ «ካልወረደ እንደገና እንዴት ይነሳል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ ሠላሳ ሣልኩ፤ የሚወርድ።

ነሐሴ 12

ስምንት ሰዓት ላይ ሙከራ። የአዳራሹን መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ሸፈንናቸው። ሰባቱም የኮሚቴ አባላት መጡ። መጀመሪያ የወልደሩፋኤል ኮት። ሳቁ። ቀጥሎ ወዛደሩ። ክንዱን ሲያነሳ ጓድ ደረሳ ራሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ የሣልኩት ሰው ሸራው ላይ ነፍስ ዘራ! እንባዬ መጣ።

ክንዱ ወረደ። ተነሳ። ወረደ። በአራተኛው ዙር የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«አቁሙት!»

ኢዶሳ አጠፋው። መጨረሻ የታየን የወረደው ክንድ ነው።

«ይህ ክንድ ለምን ይወርዳል?» አለ ጓድ ደረሳ።

«እንደገና እንዲነሳ ነው፣ ጓድ» አለ ኢዶሳ ከላይ፣ ከማጫወቻው ክፍል።

«የሠራተኛው ክንድ ደከመው ማለት ነው?»

የወልደሩፋኤል ቁጣ ትዝ አለኝ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ስንወጣ በሩ ላይ የሁለታችንንም ስም መዘገቡ።

ነሐሴ 13

ጠሩኝ። ለብቻዬ። ጓድ ደረሳና አንድ የማላውቀው ሰው ነበሩ። አልጮሁብኝም፤ ወንበር ሰጡኝ። ወንበሩን ሳይ ያ አሥራ አንድ ቀን ተመለሰብኝ። ኢዶሳ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ተራውን እየጠበቀ ነው? ወይስ ገብቶ፣ እኔን ሰጥቶ ወጥቷል? ይህኔ ጨርሶብኛል ብዬ አሰብኩ።

«የማውረዱ ሐሳብ የማን ነው?»

«የኢዶሳ።»

እውነት ነው እኮ። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ሌላስ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ዲጋ ይሄዳል።»

ይሄን ማን ጠየቀኝ?

ስወጣ ኢዶሳ ከአግዳሚው ተነሳልኝ። «አይዞህ» አለኝ።

ነሐሴ 14

ኢዶሳን ወሰዱት።

ነሐሴ 19

ዳቦ ገዝቼ እስር ቤቱ በር ሄድኩ። ምን ልፈይድ እንደሄድኩ አላውቅም። ሚስቱ ወርቂቱ ስንቅ ይዛ ቆማለች። ስታየኝ አለቀሰች። «ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸን እርስዎ ብቻ መጡ። ዋቃ ይስጥልን» አለችኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ዲጋ ሄደው የእናቱን ቤት በርብረዋል። እማማ ድንቅነሽ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄደው ገላቸውን ሊያጥባቸው ነው። ወታደሮቹ ከፍራሹ ሥር ክንድ የሚያህል ፊልም አገኙና ወሰዱ። «ምን ነበረበት?» አልኳት። ሴት ናት አለች። ሃርሜ፣ እናቱ፣ ስትራመድ። በበዓሉ ሰሞን በሰው ሸክም አዳራሽ አምጥቶ፣ ሸራው ላይ በእግራቸው ሲሄዱ ሊያሳያቸው ነበር። ማስታወሻ ደብተሩም የእርምጃ ቆጠራ ነው።

«ለእርስዎ ያልነገረው እኮ አፍሮ ነው» አለችኝ። «እጄ እንደ እሱ መች ይሆናል ይል ነበር።»

እራት አልበላሁም። የሻሽወርቅ ምን ሆንክ ስትለኝ ሆዴን አልኳት።

ነሐሴ 25

ፈቱት። አሥራ አንድ ቀን። ቆጠርኩ።

ጳጉሜን 1

ኮሚቴው መሣሪያውን ራሱ መረጠ። የመስታወት ስላይድ። ወዛደሩን ክንዱ እንደተነሳ ሣልኩት። ከእንግዲህ አይወርድም። የወልደሩፋኤልም ሰውዬ ኮቱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለእኔ የምስጋና ወረቀት ሊሰጡኝ ነው አሉ።

መስከረም 2 ቀን 1977

ታየ። አጨበጨቡ። ኢዶሳን ከማጫወቻው አንስተውታል፤ በር ላይ ትኬት ይቆርጣል። በጓሮ በኩል ገባሁ።

መስከረም 6

ዛሬ ግን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አካም ጅርታ፣ ኃይሌ?» ብሎ ሰላም አለኝ፤ እንደ ድሮው። ከስቷል። ጎኔ ተቀመጠ።

«ስለ ዲጋ ማን የነገራቸው ይመስልሃል?» አለኝ።

«ተክለጻድቅ ይሆናል» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። «ካሜራውን ስላልገዛነው።»

ጫማውን አየ። «ሂን ቤኩ። እኔ እንጃ። ግን ሰውን ሳታይ አትጠርጥር፣ ያ ኦቦሌሳ ኮ። ያ ሰውዬም ልጆች አሉት።»

ከዚያ ከኪሱ የጠራ ፊልም አወጣ። ክንድ የሚያህል። «እንደገና ልጀምር ነበር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ እንቢ አለኝ። አንተ ሣልልኝ» አለ። የእናቱን የመታወቂያ ፎቶግራፍም አስቀመጠልኝ። ፊታቸው እሳቸውን እንዲመስል ይፈልጋል። ማጫወቻውን በእጁ ባይነካም፣ አዲሱ አጫዋች አንዴ ሊያሳይለት ቃል ገብቶለታል።

እሺ አልኩት። ሰው የሚመስል ፊት እንደማልሥል ረስቶት ይሆን? አልረሳም፤ ያውቃል።

ሲወጣ ዳቦውን ስላመጣሁለት አመሰገነኝ። ስለ ዲጋ የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። «ዘመድ» ብሎ የመለሰውም ለእኔ ብቻ ነው... ይህን አስቦት አያውቅም? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሌላ ምን ያስባል? ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እስካሁን ስድስት ሥዕል ሥያለሁ። ቀኝ እግራቸው ገና ከመሬት አልተነሳም። ፊታቸው ግን ይመስላል።