ደሴ፣ ቦረቦሩ ጓሯችን ደርሷል

ይድረስ ለደሴ፣ ለልጆቼ አባት።

ለጤናህ እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ካለህበት ሕመም የለም። እኛ ግን ደኅና አይደለንም። ያ ክፉ በሽታ ከወሰደህ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ናፍቆቴን ሌላ ቀን እነግርሃለሁ፤ ዛሬ የምጽፍልህ ፈርቼ ነው።

ከቤታችን በላይ ጎርፍ የቆፈረውን ቦረቦር ታስታውሰዋለህ? አንተ በነበርክበት ጊዜ በግ የሚዘለው ነበር። ባለፈው ክረምት ከባቄላው ማሳ በላይ ያለው እርከን ተናደና ጎርፉ ሁሉ በዚያ ወረደ። የማሳው አፈር ታጥቦ ሄደ። ቦረቦሩ አሁን በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። ጌሾዬን በላው፣ የጓሮውን አጥር ወሰደው። ከግድግዳችን እስከ ገደሉ አፍ የቀረው ቦታ አንዲት ላም ታስራ የምትዞርበት ቢሆን ነው። ልጃችን ሰላም እዚያ ስትጫወት ባየኋት ቁጥር ሮጬ አነሣታለሁ። ሰማዩ ሲጠቁር እህል አይወርድልኝም።

ፈሪ ነሽ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። መብረቅ ሲጮኽ ጋቢህ ውስጥ ስገባ ሆን ብለህ ትገልጥብኝ ነበር፣ አንተ ክፉ! ይህን ብታይ ግን አንተም የምትስቅ አይመስለኝም።

ጥምቀት አልፎ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ እርከን ሊሠራ ተዳፋቱ ላይ ሲወጣ አንተን የሚቀድም አልነበረም። እኛ ሴቶቹ ድንጋይ እናቀብላለን፣ እናንተ ትክባላችሁ። እኔ እንዳይህ ብለህ ትልቁን ድንጋይ ብቻህን ስታነሳ ወገብህ ተይዞ እንደ ሽማግሌ ጎብጠህ የቀረህበት ቀን ትዝ ይለኛል። በሳቅ ስለሞትኩ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍከኝ።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ ከሥራው የተረፈ ድንጋይ ሳትሸከም አትገባም ነበር፤ ለምንሠራው የቆርቆሮ ቤት መሠረት። መስኮቱ ወዴት ይዙር እያልን የተጨቃጨቅነው ገና ግድግዳ ሳይኖር ነው። ከሄድክ ወዲህ ያንን ክምር ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ዶሮ ሲወጣበት እንኳ አባርር ነበር።

ዘንድሮ ሰው በዚያ በሽታ ምክንያት አንድ ላይ መሰብሰቡን ፈርቶ ስለከረመ የእርከኑ ሥራ ዘግይቶ ተጀመረ። ሥራውን ለመደልደል በተጠራው ስብሰባ የእኛ ቦረቦር ተራው ለሚቀጥለው ዓመት ነው ተባለ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ተነሣሁና ለሚቀጥለው ዓመት ቤቱም እኛም ላንኖር እንችላለን አልኳቸው።

በማግስቱ የቡድናችን መሪ አያ መኳንንት መጥተው አዩት። ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ክትር ካልተሠራለት ይህን ክረምት ቤቱ አያልፍም አሉኝ፤ ሰው እንደሚያመጡልኝም ቃል ገቡ። ድንጋይ ግን በአቅራቢያው የለም፣ ከሩቅ እስኪመጣ ደግሞ ዝናቡ አይጠብቅም። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ክምርህ ላይ ነበር። አፍረው አልጠየቁኝም።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስታገል ያዩ ጎረቤቶች ሮጠው መጡ፤ ዲያቆናቱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አገልድመው ተሰለፉ። ድንጋይህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ቦረቦሩ ወረደ። እኔ እያቀበልኩ አለቅሳለሁ፣ ሴቶቹም እያዩኝ ያለቅሳሉ። አመሻሽ ላይ ክምሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ፣ ክትሩም ከወገቤ በላይ ቆመ። የቆርቆሮ ቤታችን ቀረ ማለት ነው። ይቅር በለኝ፣ ልጆቹ የሚተኙት በአሮጌው ቤት ነው።

ይህን ስጽፍ የመጀመሪያው ዝናብ እየወረደ ነው። ልጆቹን ዳመናውን እንዳየሁ ወደ እህቴ ቤት ልኬያቸዋለሁ። እኔ ከብቶቹን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ጎርፉ ከላይ እየጮኸ ሲመጣ ይሰማኛል።

አሁን ድምፁ ድንገት ጠፋ። ክትሩ ውሃውን ይዞት ይሁን ወይም ሌላ መንገድ ሰብሮ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይሁን ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ወጥቼ ማየት አለብኝ። ደሴ፣ በሩን ልከፍት ነው፣ ስምህንም እየጠራሁ ነው። እስካለሁ ድረስ በፈራሁ ቁጥር የምጠራው ስም ያንተ ነው።

ባለቤትህ ጥሩዬ