ቤዙ ብቻ የሚያልፍበት ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። አርባ ሁለት የሒሳብ ፈተና አረምኩ። አሥራ ዘጠኙ ክፍልፋይ መደመር አይችሉም። አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው። ማን ነው ያስተማራቸው? እኔ።

ከሰዓት በኋላ ኪቦርዱን ከፍቼ የባኽን ሙዚቃ ልለማመድ ስል ከግድግዳው ድምፅ መጣ። ጎረቤቴ ውድነሽ የፊት ክፍሏን ጌም ቤት አድርጋዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሳሙና፣ ጨው፣ የልጆች ልብስ… ሁሉንም ሞክራለች። አሁን ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የሚጮሁ ጎረምሶች። የምታሠራው ልዩ የምትባለው ልጇ ናት። አስተምሬያታለሁ፤ ጎበዝ ነበረች። በስታትስቲክስ ተመርቃ መጥታ ጆይስቲክ ታከራያለች።

ግድግዳው የጋራ ነው፤ ጭቃ። የላይኛውን ቀጭን ድምፅ ይውጠዋል፣ ወፍራሙን፣ ቤዙን፣ ያሳልፋል። ቤዙ ብቻ… አንድ ዓይነት አራት የዜማ ሐረግ፣ ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው። ስንት ጊዜ? መቁጠር ተውኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ያው። ቅኝቱ ሬ ማይነር ነው። ማወቄ ራሱ አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የመዘምራን ልምምድ። አልቶዎቹ የራሳቸውን ዝቅ ያለ ድምፅ ትተው ከፍ ያለው ሶፕራኖ ላይ ይንጠለጠላሉ። አስቆምኩ፣ አስደገምኩ፣ አስቆምኩ። ከአልቶዎቹ አንዷ ሜሪ፣ "ጋሼ፣ ጌታ የሚያየው ልብን ነው" አለችኝ። "እኔ ግን ጆሮ ነው ያለኝ" አልኳት። አኩርፋለች።

ስመለስ ውድነሽ ጋ ገባሁ። "ጋሼ ይስሐቅ፣ ይቅርታ፣ እንቀንሰዋለን" እያለች ወንበር ጠረገችልኝ። አልተቀመጥኩም። ልዩ ከቴሌቪዥኑ ዘወር ብላ፣

"ቲቸር፣ የቱ ነው የረበሸዎት? ኳሱ ነው መርከቡ?"

መርከቡ የሚሉት የድሮ ጨዋታ ነው። ደንበኛ ሲቀንስ ራሷ ትጫወተዋለች። ያ ቤዝ የመክፈቻው ሙዚቃ ነው።

"ሙዚቃ አትበይው። ሙዚቃ ደራሲ አለው" አልኳት።

"ይኼም አለው እኮ።"

"ማን ይባላል?"

"ስሙ የሚወጣው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። እስካሁን አልጨረስኩትም።"

ከዚያ ሳልጠይቃት የምትወዳቸውን የጌም ሙዚቃ ደራሲዎች ዘረዘረች። ኮጂ ኮንዶ፣ ዮኮ ሺሞሙራ… ጃፓኖች። በሕይወት አሉ አለች፣ እንደ ትልቅ ነገር። እኔም የኔን ነገርኳት። ባኽ፣ ሃይድን፣ ሹበርት፣ ብራምስ። በዚህ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ አሉ፤ ደብተር በቀየርኩ ቁጥር እገለብጣቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አልተለወጡም። አምስተኛው ላይ ሃንደልን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ይህን አልነገርኳትም።

"የእርስዎ ሁሉም ሞተዋላ" አለች። "እነሱ ሲሳሳቱ እርስዎ ለማን ይጽፋሉ?"

"አይሳሳቱም።"

ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቤዙ ከታወቀ የላዩን ዜማ መሥራት የትምህርት ጉዳይ ነው። ዶክተር ያስተማሩኝ እንዲህ ነበር። እዚህ ሦስት ዓመት የሠሩ ጀርመናዊ ሐኪም፤ ተማሪ ሳለሁ እሑድ እሑድ የቤዝ መስመር ጽፈው ይሰጡኝ ነበር፣ የላዩን ሞልቼ እወስዳለሁ፣ በእርሳስ ያርሙታል። ብዙ ቦታ ላይ አንድ ቃል ነበር የሚጽፉት፦ "ዝም"። አማርኛቸው አጭር ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ከማዶ ሲጀምር ቀኝ እጄን ኪቦርዱ ላይ አሳረፍኩ። ከእነሱ ደራሲ የተሻለ እንደምሠራ ለማሳየት። ለማን?… ለራሴ። እስኪቆም ድረስ ሠራሁት። የኔ ይበልጣል። የሱን ሰምቼው አላውቅም እንጂ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መብራት ሄደ። አራተኛው ሐረግ ሊያርፍ አንድ ኖታ ሲቀረው… ተንጠልጥሎ ቀረ። የኔ ኪቦርድ በባትሪ ይሠራል። በግራ እጄ ሬን መታኋት፣ አረፈ። እንዲህ ያለ ነገር አንጠልጥሎ ራት የሚበላ ሰው እንዴት ያለ ነው?

ከማዶ የሆነ ሰው የሳቀ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

በዛ። በፊት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አሁን ሃያ፣ ሠላሳ። ዛሬ በሰዓት ያዝኩት፦ አርባ አንድ ደቂቃ፣ ያለ ማቋረጥ። እነዚህ ሰዎች መጫወት ትተው ነው? ለምን ከመክፈቻው አያልፉም? እኔም መነሣት አልቻልኩም፤ ዜማ መሐል ጥዬ አልነሣም። እሱ ካላቆመ አላቆምም። ወረቀቱ ሳይታረም መሸ።

አመለክታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ለቀበሌ አቤቱታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ አምስት ነጥብ። ነጥብ ሁለት፦ "አንድ ዓይነት ሙዚቃ ያለ ማቋረጥ እስከ አርባ አንድ ደቂቃ በመደጋገም…" ነጥብ ሦስት፦ ስፒከሩ የጋራው ግድግዳ ላይ ስለመለጠፉና ወደ ማዶው ግድግዳ እንዲዛወር ስለመጠየቅ። የማያሻማ አማርኛ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። ባለሱቋ ሐፍሳ ፈረመች፤ ድምፅ ጭቃን እንዴት እንደሚያልፍ አስረዳኋት፣ እያዛጋች ሰማችኝ። አናጢው ብርሃነመስቀል ልጁ ከክፍል እየቀረ እዚያ ስለሚውል ሳያነብ ፈረመ። አሮጊቷ በየነችም ፈረሙ።

ባለቤቴ አስካለች አልፈረመችም። "እኔን ከማዶ የሚመጣው አይደለም የሚረብሸኝ" አለች። ምን ማለቷ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀበሌ መጥቶ አየ። ታሸገ። ሊቀ መንበሩ ባየ ራሱ ነው ወረቀቱን በሩ ላይ የለጠፈው። እሱም ተማሪዬ ነበር፤ ፊደሉ አልተሻሻለም።

ውድነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ሰላምታዬን መለሰች። ባትመልስ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጸጥታ። የጠየቅሁት ይኸው። ወረቀቱን በአንድ ሰዓት አርሜ ጨረስኩ።

ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ባኽ አልመጣ አለኝ። ያቺን የላይኛ ድምፅ ሞከርኳት… ከሥሯ ምንም የለም። ቤዙን በግራ እጄ ልጨምርበት አልኩ። አንድ አይደለም። ለምን አንድ እንዳልሆነ አላውቅም። ኖታው ያው ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ልዩን የውኃ ቦኖው ጋ አገኘኋት። ልታልፈኝ ነበር። ጠራኋት። ምን ልላት? ጨዋታውን ጨረስሽው ወይ አልኳት። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው… ቤቱን አሳሽጌ።

"ሦስት ደረጃ ቀርቶኝ ነበር" አለች። ጀሪካኗን አስቀመጠች። "ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ካስጠላዎት ለምን ይጫወቱ ነበር?"

"ምኑን?"

"እኛ ጋ ይሰማ ነበር እኮ። መስኮትዎ ክፍት ነው። እርስዎ ሲጀምሩ ጨዋታው ውስጥ አልገባም፣ ከገባሁ ሙዚቃው ይቀየራል። መክፈቻው ላይ እተወዋለሁ። ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ድምፃቸውን ያጠፉልን ነበር። እርስዎ እስኪጨርሱ እንጠብቃለን።"

"እኔ የምጨርሰው እናንተ ስታቆሙ ነው።"

"እኛ የምናቆመው እርስዎ ሲጨርሱ።"

ከኋላችን ያለች ሴትዮ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋች፤ ተራው ደርሷል።

አርባ አንድ ደቂቃ። በሰዓት ይዤ። ጽፌ። አስፈርሜ።

ልትሄድ ስትል፣ "ሁለተኛው ሐረግ ላይ ግን ትጋጫላችሁ" አለች። "ማንና ማን?" "እርስዎና የጨዋታው የላይኛው ድምፅ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ብቻዎን ነዎት።" ብቻዬን ማለት?… ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቀበሌ ሄድኩ። አቤቱታዬን አንሥቻለሁ አልኩ። ባየ መነጽሩን አወለቀ።

"ቲቸር፣ አሥራ አንድ ሰው ፈርሞ ነው የመጣው። አንድ ሰው ተነሥቶ ትቼዋለሁ ቢል እንዴት ይሆናል? ሁሉም ትተናል ብለው ይፈርሙ።"

"ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።"

"እሱማ ጥሩ፤ ቤታቸውን ያውቁታል።"

እየሳቀ አልነበረም። ወይም ጢሙ ሸፍኖታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጃንጥላዬ ተሰበረ። ዘጠኝ ፊርማ አገኘሁ። እያንዳንዱ አዋርዶኝ ነው የሰጠኝ።

ሐፍሳ፣ "ባለፈው ስለ ድምፅ አስተምረውን ሄዱ፣ ዛሬ ስለ ምን ነው?" አለች። ተሳስቼ ነበር አልኳት። እጇን ወደ እስክሪብቶው ዘርግታ ነበር፣ መለሰችው። "እስቲ ይድገሙት፣ ጋሽ ይስሐቅ። እዚህ ሰፈር ይኼን ቃል ከእርስዎ የሰማ የለም።" ደገምኩት። ሁለት ደንበኞች ቆመው ሰሙ። ፈረመች።

በየነች፣ "እኔ እኮ ያን ጊዜ የፈረምኩት ለመንገድ መብራት መስሎኝ ነው" አሉ። አሁንም ለመንገድ መብራት የሚመስላቸው ይመስለኛል። ፈረሙ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

አሥረኛውም ፈረመ። ብርሃነመስቀል እምቢ አለ። የመጥረቢያ ዛቢያ እየላገ፣ ቀና ሳይል፣ "ልጄ ክፍል መግባት ጀምሯል። ለእርስዎ ሙዚቃ ብዬ አላወጣውም" አለኝ።

ትክክል ነው። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍሌ ገብቷል። ክፍልፋይ መደመር ጀምሯል።

ልዩን ይዣት ተመለስኩ። ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይገባም፤ ፊቱ ጽፋ ፈረመች። አነበበው። "ይኼን መጀመሪያውኑ ብትሉ ኖሮ?" አለ፣ እኔን እያየ። ፈረመ። የመላጊያው ብናኝ ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ አላራገፍኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ተፈቀደ። በማኅተም። ግን ባየ የመጀመሪያውን አቤቱታዬን አውጥቶ ነጥብ ሦስትን ቃል በቃል ገልብጧል፦ ስፒከሩ ከጋራው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ማዶው ግድግዳ ይዛወር፤ ውድነሽ ይህን ብትጥስ ቤቱ እንደገና ይታሸጋል። "የእርስዎ ጽሑፍ ግልጽ ነው፣ አንድም ቃል አልቀየርኩም" አለኝ። እንደ ምስጋና።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ተከፈተ። ጎረምሶቹ ተመልሰዋል፤ በመስኮት ይታዩኛል። በዘጠኝ ሰዓት ኪቦርዱ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ምንም። ጆሮዬን ጭቃው ላይ አስደገፍኩ። አስካለች ከሥራ ስትገባ እንደዚያ ሆኜ አገኘችኝ። ቦርሳዋን ሰቅላ ገባች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዱ "ቲቸር፣ አንድ ዙር ኳስ?" አለኝ። ልዩ መርከቡን ከፈተች፤ ሌሎቹ የራሳቸውን ድምፅ አጠፉ፣ ማንም ሳይነግራቸው።

የላይኛውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አንደኛው ሐረግ ከኔ ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ላይ ሁለቱ ድምፆች በአምስተኛ፣ ማለት በአምስት ኖታ ርቀት፣ ጎን ለጎን ተከታትለው ይወርዳሉ። በሙዚቃ ሕግ ክልክል ነው፤ ዶክተር ቢያዩት እርሳሳቸው ይሰበር ነበር። ለልዩ ነገርኳት። "በሕይወት አለ፣ ይጻፉለት" አለች።

ሦስተኛው ሐረግ ላይ… የለም። ባዶ። ቤዙ ብቻውን ይሄዳል፣ ማንም አይከተለውም፣ ከዚያ አራተኛው ላይ የላይኛው ተመልሶ ያገኘዋል።

እኔ እዚያ ቦታ አሥራ ስድስት ኖታ አስገብቼ ነበር።

ደግመሽ ክፈቺው አልኳት። ደግማ ከፈተችው። ውድነሽ ከጓዳ ወጥታ ወንበር ጠረገች፤ ተቀምጬ ነበር፣ ግን ጠረገች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አሥራ ስድስቱን ኖታ ከጻፍኩበት ወረቀት ላይ ሰረዝኳቸው። አጠገቡ በእርሳስ ጻፍኩ፦ ዝም።

አልቶዎቹ ትናንትም ሶፕራኖ ላይ ወጡ። ሜሪ ይቅርታ ጠየቀችኝ እንጂ አልተስተካከሉም። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ።

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ፦ ባኽ። ሃይድን። ሹበርት። ብራምስ። አምስተኛውን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ልዩ ሁለት ደረጃ ይቀራታል። የደራሲው ስም ሲወጣ እንድትጠራኝ ነግሬያታለሁ፤ ቶሎ ስለሚያልፍ ፎቶ ለማንሣት ስልኳን ይዛ እንድትጠብቅም። የምጽፍለት በአምስተኛ ስለሚወርዱት ሁለት ድምፆች ነው። የሦስተኛውን ሐረግ ዝምታም አነሣለሁ።

ኪቦርዱን ተሸክሜ ጌም ቤት አልሄድም። በዚህ ዕድሜዬ ጎረምሳ መሐል… አይሆንም። ለማንኛውም አብሮ መጫወቱ የሚሆነው በግድግዳው በኩል ነው።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ማመልከቻ ጀመርኩ። ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ስፒከር ወደ ቀድሞ ግድግዳው እንዲመለስ ስለመጠየቅ። አንድ ገጽ፣ አንድ ነጥብ።

አስካለች ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ፣ አንደኛውን መስመር ለኔ ትታ ሁለተኛው ላይ ፈረመች።

ነገ በሐፍሳ እጀምራለሁ። የምትለውን ከአሁኑ አውቀዋለሁ።